ሦስት ወር ትኬት ቆረጥኩ፣ ፈረሶቹን የሚያስነካኝ ግን አጣሁ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 34 ነው። አሥር ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ከሠራሁ በኋላ በቅርቡ ሥራዬን ለቅቄ ትንሽ እያረፍኩ ነው። ሰፈሬ ውስጥ የድሮ ካሮሴሎችንና የመዝናኛ ፓርኮችን ታሪክ የሚያሳይ ትንሽ ሙዚየም አለ። ካሮሴል ስል ያ በክብ የሚዞረውን፣ ልጆች የሚጋልቡትን የእንጨት ፈረስ ማለቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። በጎ ፈቃደኛ እንደሚፈልጉ ስሰማ ሮጬ ተመዘገብኩ። ህልሜ የተላላጡትን ፈረሶች ማደስና መቀባት ነበር። ይኸው ሦስተኛ ወሬ፤ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ፣ መጸዳጃ ቤት ለጠየቀ አቅጣጫ አሳያለሁ። የእድሳት ክፍሉን የያዙት አንድ አረጋዊ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ልርዳዎት ስላቸው ‹ይሄ የልጅ ጨዋታ አይደለም› አሉኝ። ጎብኚ ስለ ፈረሶቹ ሲጠይቀኝ ደግሞ የምለው ጠፍቶኝ አፍራለሁ። ታላቅ እህቴ ‹ደመወዝ የሌለው ሥራ፣ ያውም የእንጨት ፈረስ ጥበቃ!› እያለች ትስቅብኛለች። ልተወው ወይስ ልቆይ? ፈረስ ወዳዷ።»

ፈረስ ወዳዷ እህቴ፣

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፤ አትተይው። ግን አሁን ባለሽበት ሁኔታም አትቀጥዪ።

በአረጋዊው ልጀምር። አነጋገራቸው አናዶሻል፣ አይፈረድብሽም፣ ፊት ነስተውሻል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ሦስት ወር የሆናትን ሰው ብሩሽ አላስጨብጥም። ለምን? ከዓመታት በፊት እኔም አንድ ትንሽ ሙዚየም ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። በሁለተኛው ሳምንቴ ማንም ሳያዘኝ፣ ጎበዝ ለመባል ብዬ፣ የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ይዤ አንድ በወርቅ ቅብ ያጌጠ የሥዕል ክፈፍ መወልወል ጀመርኩ። ቆየት ብዬ ጨርቁን ሳየው ወርቁ ጨርቁ ላይ ነው። መቶ ዓመት የቆየ ወርቅ! ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር።

የአንቺ ፈረሶች ደግሞ ከዚያ ክፈፍ የባሱ ናቸው። የድሮ ካሮሴል ፈረስ ላይ የምታዪው ቀለም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው አይደለም። ፓርኮቹ ፈረሱ ሲደበዝዝ ከላይ ደርበው ይቀቡታል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ከዚያ ላይ ይደርባሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የኮርቻው ቅርጽና የጋማው መስመር በቀለም ውፍረት እስኪሞላ ድረስ። ጠራቢው በእጁ የጨረሰው ሥራ፣ የመጀመሪያው ቀለም፣ አንዳንዴም የወርቅ ቅጠሉ (እንደ ቅጠል የሳሳ የወርቅ ልባስ ማለቴ ነው) ከሥር ተቀብሯል። እድሳት የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የጥፍር ያህል ቦታ መርጦ ንብርብሩን አንድ በአንድ ይገልጣል፣ ይመዘግባል፣ ፎቶ ያነሳል፤ መቀባት የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ብርጭቆ ወረቀት ይዞ የገባ ደፋር ግን በአንድ ከሰዓት ውስጥ ሁሉንም አቧራ ያደርገዋል።

ስለ አቧራው አንድ ነገር ልበል፣ እዚህ ላይ አልቀልድም። በድሮ ቀለም ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ አለ። የምንጽፍበትን ሳይሆን መርዛማውን ብረት ማለቴ ነው። ቀለሙ በደረቁ ሲፋቅ የሚነሳው ብናኝ በትንፋሽ ይገባል፣ በእጅ ወደ አፍ ይሄዳል፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተልሻል። ለሕፃናት አእምሮ በጣም ጎጂ ነው፣ ለነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ስለዚህ የእድሳት ክፍሉ በር የተከፈተልሽ ቀን ከመደሰትሽ በፊት ጠይቂ፤ ቀለሙ ለእርሳስ ተመርምሯል ወይ? በደረቁ ነው የሚፋቀው? ለእርሳስ ብናኝ የሚሆን ማስክ አለ? (ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም።) የሥራ ልብስ እዚያው ይቀራል? እነዚህን ስትጠይቂ የሚቆጣ ካለ እዚያ ክፍል አትግቢ። አረጋዊው ግን፣ ካልተሳሳትኩ፣ ይህን ጥያቄ ስትጠይቂያቸው ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው የሚያዩሽ።

አሁን ወደ በሩ እንሂድ። «ልርዳዎት» የሚለው ቃል ለእሳቸው ሌላ ሥራ ነው። ማስተማር፣ መጠበቅ፣ የተበላሸውን ማስተካከል። ስለዚህ ልርዳዎት አትበዪ። አንድ የተቆረጠ ነገር ይዘሽ ሂጂ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ለሁለት ሰዓት መጥቼ የእያንዳንዱን ፈረስ ፎቶ በአራቱም ጎን ላንሳ፣ ልለካ፣ የተሰነጠቀበትንና የተላላጠበትን በቁጥር ልመዝግብ» በያቸው። ይህ ማንም ትንሽ ሙዚየም በበቂ ያልሠራው ሥራ ነው፣ የሚሠራው ሰው ስለሚጠፋ። አንቺ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ አንድ ዓምድ ሳይሞላ ሲቀር እንቅልፍ የሚነሳሽ ዓይነት። ፈረስ ቢሰረቅ፣ እሳት ቢነሳ፣ ኢንሹራንስ ቢጠየቅ የሚታየው ያ መዝገብ ነው። በዚያ ላይ ስትለኪና ስታነሺ ፈረሱን ታውቂዋለሽ። የብዙዎቹ አካል ድፍን እንጨት እንዳልሆነ ታያለሽ፤ ሰሌዳዎች በኮላ ተጣብቀው እንደ ሣጥን ባዶ ሆዱን የተሠራ ነው፣ ጭንቅላቱና እግሩ ለብቻ ተጠርቦ የተገጠመ። አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ መጋጠሚያ ነው። ጭራው የእውነት የፈረስ ፀጉር የሆነም ታገኛለሽ። በሁለተኛው ወር «አሥራ ሁለት ቁጥር ግራ እግሩ ላይ ስንጥቁ ጨምሯል» ብለሽ ስትነግሪያቸው የልጅ ጨዋታ የሚለው ነገር እዚያው ያበቃል።

(በነገራችን ላይ፣ ሒሳብ እንደምትችዪ ለሥራ አስኪያጁ ገና አልነገርሽ እንደሆነ አትቸኩዪ። አንዴ ካወቁ ፈረስ ሳትነኪ ደረሰኝ ስትደምሪ ዓመቱ ያልቃል። አሥር ዓመት የሠራሽውን ሥራ በነፃ ለመቀጠል አይደለም የመጣሽው።)

ትኬት መቁረጫውን ግን አትናቂው። እኔ በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ያሳሰበኝ ትኬት መቁረጥሽ ሳይሆን «የምለው ጠፍቶኝ አፍራለሁ» ያልሽው ነው። አስቢው፣ ፈረሱ የተሠራው ሊጋለብ ነበር፣ አሁን «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሎበት ቆሟል። ልጅ መጥቶ የማይነካ ፈረስ አይቶ ይሄዳል። የሚነግረው ሰው ከሌለ ከእንጨት በቀር ምን አየ? ያ ሰው በሩ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።

አንድ ዘዴ ልስጥሽ። ልጁን ፈረሱ ጋ ወስደሽ «የትኛው ጎኑ ያምራል?» ብለሽ ጠይቂው። ዞሮ ያያል። የአሜሪካ ፈረስ ከሆነ ቀኝ ጎኑ ነው፤ ጌጡ፣ አበባው፣ የሚያብለጨልጨው መስታወት ሁሉ በቀኝ ነው፣ ግራው ቀለል ያለ ነው። የአሜሪካ ካሮሴል ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ስለሚዞር ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ሰው የሚታየው ቀኙ ነው፣ ጠራቢውም ጉልበቱን ያፈሰሰው ለሚታየው ነው። የእንግሊዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል፣ ስለዚህ ያጌጠው ግራው ነው። ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ ሌላ ቦታ ካሮሴል ባየ ቁጥር ዞሮ ያያል። አንቺም ሁለት ደቂቃ አልፈጀብሽም።

ለትልልቆቹ ደግሞ ስለ ስሙ ንገሪያቸው። ካሮሴል የሚለው ቃል በጣሊያንኛና በስፓኒሽ «ትንሽ ጦርነት» ከሚል የመጣ ነው ይባላል፤ የፈረሰኞች ጉግስ ዓይነት ጨዋታ ነበር። በፈረንሳይ ሉዊ 14ኛ በ1662 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የልጁን መወለድ ለማክበር ፓሪስ ላይ ትልቅ ካሩዜል አዘጋጀ፣ ቦታው እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል። ከጨዋታዎቹ አንዱ እየጋለቡ የተንጠለጠለ ቀለበት በጦር መውሰድ ነበር፣ ለመለማመጃም የሚሽከረከር የእንጨት ፈረስ ሠሩ። በኋላ በአሜሪካ ካሮሴሎች ላይ ጋላቢው ዳር ያለ ፈረስ ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ቀለበት ይነጥቅ የነበረው የዚያ ርዝራዥ ነው። የነሐሱን ቀለበት ያገኘ አንድ ዙር በነፃ ይጋልባል። ሙዚየማችሁ የቀለበት መስጫው ክንድ ካለው፣ እሱን ሳታሳዪ ሰው እንዳታሳልፊ።

ማሽኑን የሚወድ ጎብኚም አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜ ልጆቹን አመጣሁ ብሎ ራሱ ሥር ገብቶ ማርሽ የሚያይ አባት። ለእሱ የሚነገረው ይህ ነው። መጀመሪያ ካሮሴልን የሚያዞረው የሰው ወይም የእንስሳ ጉልበት ነበር፣ ስለዚህ ትንሽና ቀላል መሆን ነበረበት። በእንግሊዝ ከ1860ዎቹ ጀምሮ እንፋሎት መጣ፤ ኪንግስ ሊን በምትባል ከተማ የእርሻ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ፍሬደሪክ ሳቬጅ በዚህ ስሙ የገነነ ነው። ጉልበት ሲገኝ መድረኩ ሰፋ፣ ፈረሱ በዛ፣ ከላይ በታጠፈ ዘንግ እየተንጠለጠለ ሽቅብ ቁልቁል መዝለልም ጀመረ። ከዚያ በላይ ከጠየቀሽ ወደ አረጋዊው ላኪው። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል።

ጠራቢዎቹ ራሳቸው ሌላ ታሪክ ናቸው። ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። ጉስታቭ ዴንትዘል ከጀርመን መጥቶ ፊላደልፊያ ሠራ። ማርከስ ኢሊዮንስ ከሊትዌኒያ ነው። ከእነሱ መካከል በአገራቸው ለምኩራብ አንበሳና ጌጥ ይቀርጹ የነበሩ አይሁዶች ነበሩ፣ ኒው ዮርክ ሲደርሱ ያው እጅ ለባሕር ዳርቻ መዝናኛ የፈረስ ጋማ ጠረበ። የኒው ዮርክ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ በሆነው ኮኒ አይላንድ ላይ በ1876 የመጀመሪያውን ካሮሴል ያቆመው ቻርልስ ሉፍ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ የተረፈ ቁራጭ እንጨት ወደ ቤቱ እየወሰደ ማታ ማታ ይጠርብ ነበር ይባላል። ለእህትሽ ንገሪልኝ፣ ያም ማታ ማታ የተሠራው ደመወዝ አልነበረውም።

ከዚህ የምትጠነቀቂበት አንድ ነገር አለ። እንዲህ ያሉ ሙዚየሞች «ያ ደግ ዘመን» እያሉ ሁሉን በስኳር መሸፈን ይወዳሉ። አትሸፍኚ። ባልቲሞር ከምትባለው የአሜሪካ ከተማ አጠገብ የነበረው ግዊን ኦክ ፓርክ ለዓመታት ጥቁር አያስገባም ነበር። በ1963 ሰዎች ተቃውመው በመቶዎች ታሰሩ፣ በመጨረሻ ኦገስት 28 በሩ ተከፈተ፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ ያን «ሕልም አለኝ» የሚለውን ንግግር ያደረገበት ዕለት ማለት ነው። የዚያን ቀን ገና ዓመት ያልሞላት አንዲት ጥቁር ሕፃን አባቷ ደግፏት ካሮሴሉ ላይ ወጣች። ካሮሴሉ በኋላ ዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ተተከለ። ኮኒ አይላንድም ቢሆን በ1905 ከፊሊፒንስ የመጡ ሰዎችን እንደ ትርኢት በአጥር አስቀምጦ በትኬት ያሳይ ነበር። እዚያው ኮኒ አይላንድ ማርቲን ኩኒ የሚባል ሰው ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናትን በማሞቂያ ውስጥ አድርጎ ያሳይ ነበር፣ ከ1903 እስከ 1943። ይሄኛው እንኳ ያምታታል። አብዛኛው ሆስፒታል ማሞቂያ አልነበረውም፣ ከወላጅ ሳንቲም አይቀበልም ነበር፣ ወጪው የሚሸፈነው በተመልካቹ መግቢያ ነበር፣ ብዙ ሕፃናትም ተርፈዋል። ነውር ነው ወይስ ጽድቅ? እኔ ገና አልወሰንኩም። ጎብኚ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ስታነሺ ሰው ስልኩን ኪሱ ይከታል፣ እመኚኝ።

እህትሽ ጋ ስደርስ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት ያለችውን ሚዙላ የምትባል ከተማ አስታውሳለሁ። ቸክ ካፓሪች የሚባል የእንጨት የቤት ዕቃ ሠራተኛ በ1991 የከተማውን ምክር ቤት አንድ ነገር ጠየቀ፤ ቦታ ከሰጣችሁኝና ማንም እንዳይበታትነው ቃል ከገባችሁ ካሮሴል እሠራለሁ አለ። እንዳይበታትነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮ ካሮሴሎች ፈረሶች አንድ በአንድ ለሰብሳቢ በጨረታ እየተሸጡ፣ ከመቶ ዓመት ሥራ ባዶ ክብ ይቀር ነበር። ከዚያ በኋላ የከተማው ሰው መጥረብ ተማረ፣ ቀለም ቀባ፣ ማርሽ አጠበ። ከ100,000 ሰዓት በላይ በነፃ ሠርተው በ1995 ከፈቱት። ኦሪገን ውስጥ አልባኒ የምትባል ከተማም በ1909 በተሠራ የዴንትዘል ማሽን ላይ እንስሳቱን በጎ ፈቃደኞች ጠርበው በ2017 ከፍተዋል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ እህት አላቸው፣ የምትስቅባቸው።

ይህን ስል ግን ራስሽን ጣዪ ማለቴ አይደለም። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምትሰጪ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያቸው፣ ቢቻል በጽሑፍ ይሁን። ግማሹ በር ላይ፣ ግማሹ መዝገብ ላይ ብትዪ ተገቢ ነው። ሥራ ፍለጋ የምትጀምሪበትን ጊዜም ደብቀሽ አትያዥ። እንዲህ ተነጋግራችሁ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ያው መጥረጊያና ትኬት ብቻ ከሆነ፣ አመስግነሽ ውጪ። ሌላ ፈረስ አይጠፋም።

ለጊዜው ግን አንድ ቅዳሜ እህትሽን ይዘሻት ሂጂ። ትኬቷን ራሷ ትክፈል፣ ሙዚየሙ ገንዘብ ይፈልጋል። ከዚያ አንዱ ፈረስ ፊት አቁሚያትና የትኛው ጎኑ እንደሚያምር ጠይቂያት። ምን እንዳለች ጻፊልኝ።